ዜሮ የሰጠኋት ተማሪዬ ዝም አለችኝ

ጥያቄ

ውድ አማካሪያችን፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደሴ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። በሥራው 12 ዓመት ቆይቻለሁ። አራት ሴክሽን አለኝ፤ በየክፍሉ 62 ተማሪ፣ በሳምንት አምስት አምስት ፔሬድ። ዘንድሮ አሳይመንት ስሰበስብ ነገሩ ሁሉ ግራ ገባኝ። ክፍል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መጻፍ የሚቸግረው ልጅ፣ እንከን የማይወጣለት ሁለት ገጽ በእጅ ጽፎ ይመጣል። ርዕሰ መምህራችን በስብሰባ ላይ «በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተሠራ ሁሉ ዜሮ ይሰጠው» አሉ። እኔም ከኢንተርኔት ነፃ መመርመሪያ አገኘሁና ወረቀቶቹን በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ፣ ወደ ጽሑፍ እየቀየርኩ አስመረመርኩ።

አንዲት ተማሪ አለችኝ። ከገጠር መጥታ፣ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ ስንቅ ከቤተሰብ እየተላከላት የምትማር፤ ዝምተኛ ናት፣ ግን ጎበዝ። መመርመሪያው የእሷን ጽሑፍ «87 በመቶ በኤአይ የተጻፈ» አለኝ። ክፍል ውስጥ ስሟን ጠርቼ ዜሮ መስጠቴን ተናገርኩ። «ቲቸር፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነ፣ እጇን አታወጣም፤ ከፊት ወንበር ተነሥታ ኋላ መቀመጥ ጀምራለች። ጓደኞቿ ስማርት ስልክ እንኳ እንደሌላት ነገሩኝ። የሰው ተውሳ ይሆናል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

ባለቤቴ ደግሞ «ልጆቹ ከስልካቸው መማር ጀምረዋል፣ ማስተማር አብቅቶለታል፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ» ይለኛል። ኤአይን ልከልክል? ልፍቀድ? ወይስ ባለቤቴን ልስማ? እባክዎ ምከሩኝ።

መምህርቷ፣ ከደሴ


መልስ

እህቴ፣ ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል፤ እንቅልፍ የነሳሽ ግን አንዱ ነው፤ የልጅቷ ነገር። ከእሷ እንጀምር።

በመመርመሪያው ቁጥር ላይ ተመሥርተሽ የሰጠሽው ዜሮ ይነሣ። ይህን የምልሽ ልጅቷ እንዳልተጠቀመች ስለማውቅ አይደለም፤ አንቺም፣ እኔም፣ መመርመሪያውም አናውቅም። 87 በመቶ የሚለው ቁጥር እንደ ሐኪም ምርመራ ውጤት ይመስላል፤ ነገር ግን የሚለካው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚያዩት ቀጣዩ ቃል ምን ያህል በቀላሉ የሚገመት እንደሆነና የዓረፍተ ነገሮቹ ርዝመት ምን ያህል እንደሚለያይ ነው። ቃላቱ የሚጠበቁ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ እኩል እኩል ከሆኑ «ኤአይ ነው» ይላሉ። እንግዲህ አስቢው፤ እንግሊዝኛን ከመማሪያ መጽሐፍ የተማረ ጎበዝ ተማሪ እንዴት ነው የሚጽፈው? አንቀጹን በ«ፈርስት ኦፍ ኦል» ከፍቶ፣ በ«ኢን አዲሽን» ቀጥሎ፣ በ«ኢን ኮንክሉዥን» ይዘጋል። እኛው እንዲያ ብለን አስተምረነው ነው። መሣሪያው ግን ይኸንኑ ጥንቃቄ እንደ ማሽን ሥራ ይቆጥርበታል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መመርመሪያዎች ፈተሹ። መመርመሪያዎቹ በሰው እጅ ከተጻፉት ከእነዚህ ድርሰቶች በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትን «የኤአይ ሥራ» ሲሉ ፈረጁ። የአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰት ግን ከሞላ ጎደል በትክክል ለዩ። ቻትጂፒቲ የተባለውን የኤአይ ረዳት የሠራው ድርጅት ኦፕንኤአይ ራሱ አንድ መመርመሪያ አውጥቶ ነበር፤ በራሱ ሙከራ በኤአይ ከተጻፈው 26 በመቶውን ብቻ አግኝቶ፣ በሰው ከተጻፈው 9 በመቶውን በሐሰት ስለወነጀለ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ፣ ሐምሌ 2015 ላይ፣ አነሳው። 9 በመቶ ትንሽ ይመስላል። አንቺ ዘንድ ግን 248 ተማሪ አለ፤ ሁሉም ራሳቸው ጽፈው ቢያስረክቡሽ እንኳ 22 የሚሆኑ ንጹሐን ልጆች ዜሮ ይታቀፋሉ ማለት ነው።

የአንቺ ጉዳይ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ። ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ወደ ጽሑፍ ስትቀይሪው፣ የሚቀይረው ፕሮግራም የልጅቷን የፊደል ግድፈት በራሱ ጊዜ አርሞት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ያደርጉታል። እንዲያ ከሆነ የተመረመረው እሷ ከጻፈችው ይልቅ ስልክሽ ያሳመረው ነው። ወረቀቱ አሁንም እጅሽ ላይ ካለ አንድ ጊዜ ከተቀየረው ጽሑፍ ጋር አስተያዪው።

አሁን ወደ ልጅቷ። ስታናግሪያት መምህራን ማረፊያ ክፍል ጠርተሻት አይሁን፤ እዚያ መጠራት ለተማሪ ክስ ነው። በዕረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ፣ ሰው በሚያያችሁ ግን በማይሰማችሁ ቦታ፣ አጭር አድርጊው። «የእኔ ልጅ፣ በማይታመን መሣሪያ ፈርጄብሻለሁ። ዜሮውን አንስቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» በቂ ነው። «ግን እውነት አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ብለሽ አትቀጥዪ፤ ይቅርታው በዚያች ጥያቄ ይፈርሳል። መልስ ላትሰጥሽም ትችላለች፤ ዝምታዋን አትሙዪው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ይከብድሻል፤ ዜሮው የተነገረው በ62 ልጆች ፊት ስለሆነ፣ መነሣቱም በእነሱው ፊት መነገር አለበት። ስሟን ደግመሽ ሳታነሺ «በመመርመሪያ መሣሪያ የሰጠሁትን ውጤት በሙሉ ሰርዣለሁ፣ መሣሪያው እንደሚሳሳት ተረድቻለሁ፣ አሳይመንቱን ሁላችሁም በአዲስ መንገድ እንሠራዋለን» በያቸው። መምህር ተማሪ ፊት ይቅርታ ሲል ክብሩ ይወርዳል የሚሉ ባልደረቦች ይኖሩሻል። በእኔ እይታ ክብርሽን የሚጎዳው የሚሳሳት መሣሪያን እስከ መጨረሻው ስትከላከዪ መታየትሽ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅቷ በእርግጥ ትንሽ ተጠቅማ ቢሆንስ? ይህ ከተገለጠ ይቅርታሽ የሚቆጭሽ ይመስልሻል? መልስሽ «አዎ» ከሆነ፣ ምናልባት የተናደድሽው በእሷ ሳይሆን ሁለት ገጹን ገልብጠው ባመጡልሽ በሌሎቹ ይሆናል። እሷን ያገኘሻት ከፊት ስለምትቀመጥ ነው።

ልከልክል ወይስ ልፍቀድ ላልሽው፣ ቤት የሚሠራን ነገር መከልከል አትችዪም፤ ማየት የማትችዪውን መከልከል የሚታዘዙሽን ልጆች ብቻ ይቀጣል። ዝም ብሎ መፍቀድም ጉዳት አለው፤ የሚያሳይም ጥሩ ጥናት አለ። በቱርክ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በሒሳብ ትምህርት በተደረገ ሙከራ፣ እንዳሻቸው ቻትጂፒቲን የመሰለ ረዳት የተሰጣቸው ልጆች መልመጃ ሲሠሩ ውጤታቸው በ48 በመቶ ከፍ አለ። ረዳቱ ተነሥቶ ሲፈተኑ ግን ከናካቴው ካልተጠቀሙት ልጆች በ17 በመቶ አነሱ። መልስ እንዳይሰጥ፣ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ የተደረገውን ዓይነት ያገኙት ደግሞ ያ ጉዳት ብዙም አልደረሰባቸውም። መሣሪያው ያው ነው፤ የለያያቸው ልጁ ራሱ ማሰቡና አለማሰቡ ነው። አንቺም ተማሪዎችሽ የት እንደሚፈተኑ ታውቂያለሽ። ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲዛወር፣ በዚያ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እዚያ ስልክ አይገባም። ይህን ለልጆቹ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ከቁጣ ይልቅ ይሰማቸዋል።

ስለዚህ የማቀርብልሽ ሐሳብ «ማን ጻፈው?» የሚለውን ማሳደድ ትተሽ ማርኩን ዓይንሽ ወዳየው ሥራ ማዛወር ነው። የአሳይመንቱን 10 ማርክ ለሦስት ክፈዪው። ርዕሱ ለምሳሌ በሰፈራቸው ስላለ የውሃ ችግር ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ስልክ ሳይኖር በ12 ደቂቃ አምስት መስመር ዕቅድ በደብተራቸው ይጻፉ፤ አንቺ በየወንበሩ እየዞርሽ ትፈርሚበታለሽ። ለአንድ ደብተር 15 ሰከንድ ብትወስዪ 62ቱ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። ለዕቅዱ 2 ማርክ። ከዚያ ቤት ወስደው ያስፋፉት፤ ከፈለጉ ኤአይን ይጠይቁ፣ ታላቅ ወንድምን ይጠይቁ። ለዚህ ማርክ የለም። የጠየቀ ሰው ግን ከሥሩ ሁለት መስመር ይጨምራል፤ ምን ጠየቀ፣ ከተሰጠው ምኑን ጣለ። በሦስተኛው ቀን ቤት የጻፉትን አስቀምጠው፣ ክፍል ውስጥ በ15 ደቂቃ አንድ አንቀጽ ይጻፉ። ጥያቄው ትንሽ የዞረ መሆን አለበት፤ ያንኑ ችግር አሁን ለቀበሌ ሊቀመንበር በደብዳቤ መልክ። ለዚህ 5 ማርክ። ቀሪው 3 ማርክ የቃል ነው።

ጥያቄው መዞሩን ቸል እንዳትዪው፤ ይህ ዘዴ ከሚበላሽባቸው ቦታዎች ዋናው እሱ ነው። ልጆቻችን በሽምደዳ የሚስተካከላቸው የለም። ያንኑ ድርሰት ድገሙ ካልሻቸው የኤአዩን ጽሑፍ ከነነጥቡና ከነሰረዙ በቃላቸው ይዘው ይጽፉልሻል። ድርሰቱ ወደ ደብዳቤ ሲቀየር ግን የተረዳ ልጅ ሐሳቡን ይዞ ይሻገራል፣ የሸመደደው ደግሞ ድርሰቱን እንዳለ ደብዳቤ ውስጥ ሊከተው ይሞክራል፤ በአንድ ዓይን ይለያል።

የቃሉን ፈተና ለ62 ልጅ እንዴት እችለዋለሁ እንደምትዪ ገባኝ። በአንድ ቀን አትችዪውም። ሌሎቹ መልመጃ ሲሠሩ በየፔሬዱ ስድስት ልጅ ወደ ጠረጴዛሽ ጥሪ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። በ11 ፔሬድ፣ ከሁለት ሳምንት በትንሹ አልፎ፣ አንድ ክፍል ያልቃል። የምትጠይቂው ቀላል ነው፤ ይህን ሐሳብ ለምን መጀመሪያ አደረግሽው? ይህን ቃል በሌላ ተኪው። ከዕቅድሽ የወጣው የትኛው ነው፣ ለምን? እንግሊዝኛው ሲጠፋባቸው በአማርኛ ይመልሱ፤ እዚህ ላይ የምትፈልጊው ሐሳቡ የእሱ መሆኑን ነው። ዓይን አፋር ልጅ ሊያንቀጠቅጠው ስለሚችል ጥያቄዎቹን አስቀድመሽ ሰሌዳ ላይ ጻፊላቸው።

በድካም በኩልም አትከስሪም። ሁለት ገጽ ድርሰት በአራት ደቂቃ ብታርሚ 248ቱ 16 ሰዓት ተኩል ይወስዳሉ፤ አንድ አንቀጽ በአንድ ደቂቃ ግን አራት ሰዓት ከምናምን። የተረፈውን ጊዜ በከፊል የቃሉ ፈተና ይበላዋል፣ ግን ቅዳሜና እሑድሽ ይተርፍልሻል።

ስማርት ስልክ ያላቸውን ልጆች በተመለከተ፣ አንድ ትእዛዝ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ አስገልብጫቸው፤ «መልሱን አትንገረኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀኝ፣ መልሴን ጠብቅ፣ ከተሳሳትኩ ፍንጭ ስጠኝ።» በእንግሊዝኛ ቢጽፉት ይሻላል፤ አንደኛ ትምህርቱ እንግሊዝኛ ነው፣ ሁለተኛ የግዕዝ ፊደል በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ስለሚከፋፈል በአማርኛ ሲጠየቁ ይዘገያሉ፣ ጥራታቸውም ይወርዳል። ቻትጂፒቲ ከሐምሌ 2017 ወዲህ ለነፃ ተጠቃሚዎችም «ስተዲ ሞድ» የሚባል መልስ ከመስጠት ይልቅ ደረጃ በደረጃ የሚጠይቅ አሠራር አለው። በአንድ ንክኪ ስለሚጠፋ ግን ስንፍናን አይከላከልም። አካውንት ክፈቱ ብለሽ አታስገድጂ፤ የድርጅቱ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የአንቺዎቹ ወላጆች ደግሞ ብዙዎቹ ሩቅ ናቸው። ስልክ የሌላቸው ምንም እንዳይጎድልባቸው ማርኩ በሙሉ ክፍል ውስጥ ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አንቺስ ራስሽ ሞክረሽዋል? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ኤአይን የምታውቂው በተማሪዎችሽ ጥፋት በኩል ብቻ ነው። ሦስት በአንድ ዴስክ ለሚቀመጡ ልጆች አንዱን ፈተና በሦስት ዓይነት ማዘጋጀት ስንት ምሽት ይፈጅብሻል? እሱን በደቂቃዎች ያወጣልሻል። ግን ሳታጣሪ አታባዢ። መልስ ቁልፉን ሳታዪ ጥያቄዎቹን መጀመሪያ ራስሽ ሥሪያቸው፤ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ምርጫ ሲያወጣ ታገኚዋለሽ፤ ትክክለኛውን ምርጫ ከሌሎቹ አስረዝሞ የመጻፍ ልማድም አለበት፣ ልጆች ደግሞ ይህችን ቶሎ ያውቋታል። «አምስት የሰዋስው ስሕተት ያለበት አንቀጽ ጻፍልኝ» ስትዪው አራት ወይም ሰባት ሊያደርግ ይችላል፤ ቁጠሪ። ዓመተ ምሕረት ካለበት በደንብ ፈትሺ፤ የእኛን አቆጣጠርና የፈረንጁን ያምታታል። የተማሪ ስምና ማርክ በምንም ምክንያት አታስገቢበት። የሚያወጣውን ስሕተት ደግሞ ማስተማሪያ አድርጊው፤ የኤአይ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ «ጉድለቱን አውጡ» ብትዪያቸው፣ ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ እጇን የምታወጣበት ቀን ሊሆን ይችላል። እንድታወጣ ግን አትጥሪያት።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልሽም። ማስታወሻ ማጻፍ፣ የሰዋስው ስሕተት ማረም፣ ጥያቄ ማውጣት የሥራሽ ትልቅ ክፍል ከሆኑ እነሱ እየቀነሱ ይሄዳሉ። መምህሩ ግን ከክፍል አልወጣም። በናይጄሪያ ኤዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ባንክ በደገፈው የስድስት ሳምንት የማጠናከሪያ ፕሮግራም፣ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ በኤአይ እየታገዙ እንግሊዝኛ ተምረው ጥሩ ለውጥ አሳይተዋል፤ የሚያስጀምራቸው፣ ሲስቱ የሚመልሳቸው መምህር ግን አብሯቸው ነበር። ሌላ ሥራ መፈለግ ካሰብሽ በደመወዝ ወይም በድካም ምክንያት ይሁን፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው፣ ከባለቤትሽ ጋር በቁጥር ተነጋገሩበት። ኤአይን ፈርተሽ ግን ዘንድሮ አትወስኚ። እስከዚያው በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ ከሚሰጣቸው የኦንላይን ትምህርቶች አንዱ የኤአይ መሠረታዊ ነው፤ ሰርተፊኬትም አለው።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ስትሄጂ «መመሪያዎ ስሕተት ነው» ብለሽ አትግቢ። መጀመሪያ የዲፓርትመንት ኃላፊሽን ያዢ፣ ከዚያ በአንድ ገጽ የማርክ ክፍፍሉን ጽፈሽ፣ በአንድ ሴክሽን ለአንድ ወር እንድትሞክሪው ጠይቂ። ከወሩ በኋላ የአንድ ልጅ የቀድሞ ሁለት ገጽና አሁን ክፍል ውስጥ የጻፈውን አንቀጽ ጎን ለጎን አስቀምጪላቸው። «ዜሮ ይሰጠው» ያሉት ኩረጃን ስለሚጠሉ ነው፤ ኩረጃን የሚያከሽፍ ነገር ስታሳዪያቸው እምቢ የሚሉበት ምክንያት ያጥራቸዋል። ካሉም እንኳ የቃሉን ፈተናና የክፍሉን አንቀጽ ማንም ሊከለክልሽ አይችልም፤ ተከታታይ ምዘና ነው።

የልጅቷ ዜሮ ወደ ሮስተር ተላልፎ ከሆነ ዛሬውኑ ከክፍሉ ኃላፊ መምህር ጋር ሆነሽ አስተካክዪው፤ የሴሚስተሩ ማርክ ከተዘጋ በኋላ ማስለወጥ ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ስሟ እንደገና በስብሰባ ይነሣል።